ከወህኒ ወደ ዋንጫ፤ የኤድዋርድ ስትሬልትሶቭ ሁለት ሕይወት

እ.ኤ.አ ጁን 15 ቀን 1958፣ ስዊድን ጎተንበርግ። ሶቪየት ኅብረት በዓለም ዋንጫ ከብራዚል ጋር ተፋጣለች። የ17 ዓመቱ ፔሌ በዓለም ዋንጫ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህች ጨዋታ ነው። ጋሪንቻም እንዲሁ። ብራዚል 2ለ0 አሸነፈች። በሶቪየት በኩል ግን የፊት መስመሩ ትልቅ ተስፋ የነበረው ልጅ የለም። እሱ በዚያን ሰዓት ሞስኮ ውስጥ እስር ቤት ቁጭ ብሎ ፍርዱን ይጠብቃል።

ኤድዋርድ ስትሬልትሶቭ እ.ኤ.አ በ1937 ከሞስኮ ወጣ ብላ በነበረችው ፔሮቮ ተወለደ። አባቱ ለጦርነት ዘምቶ ወደ ቤተሰቡ ስላልተመለሰ ያሳደገችው እናቱ ናት። ፍሬዘር ለተባለው ፋብሪካ ቡድን ሲጫወት ያዩት የቶርፔዶ ሞስኮ ሰዎች በ16 ዓመቱ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! በ1955 በ15 ጎሎች የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ቡድኑ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ስቶክሆልም ላይ ስዊድንን 6ለ0 ሲረመርሙ ሦስቱን ያገባው እሱ ነበር። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ በቡልጋሪያ ሲመሩ በተጨማሪው ሰዓት አቻ አደረጋቸው፤ ቡድኑም 2ለ1 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ፤ ወርቁንም ወሰደ። ሩሲያውያን የተረከዝ ቅብብልን ዛሬም በስሙ ይጠሩታል።

ሁሉም ነገር የተበላሸው በአንድ ሌሊት ነው። ሜይ 25 ቀን 1958 ቡድኑ ወደ ስዊድን ሊጓዝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከሞስኮ ወጣ ባለ የመዝናኛ ቤት መጠጥ የበዛበት ግብዣ ተደረገ። በማግስቱ ስትሬልትሶቭ አንዲት ወጣት አስገድዶ በመድፈር ተጠርጥሮ ተያዘ። አብረውት የተያዙት ሁለት የቡድን ጓደኞቹ ኋላ ሲለቀቁ እሱ ግን ጥፋቱን በጽሑፍ አመነ። ካመንክ ለዓለም ዋንጫው ትደርሳለህ ብለው አታልለውት ነው የሚሉ አሉ። ከባለሥልጣናት ጋር ስለተቃቃረ ተበቀሉት የሚሉም አሉ። የከሳሿን ቃል የሚያምኑትም ቀላል አይደሉም። ፍርድ ቤቱ 12 ዓመት ፈረደበት፤ ፍርዱም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተሻረም።

የ21 ዓመቱ አጥቂ ወደ ቪያትላግ የጉልበት ሥራ ካምፕ ተላከ። የጎል አዳኙ ዛፍ ቆራጭ ሆነ። ጓደኞቹ በ1960 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሱ እሱ እስረኛ ነበር።

ከ12ቱ ዓመት አምስቱን ያህል ታስሮ በፌብሩዋሪ 1963 ተፈታ። በዚል የመኪና ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዋናው ሊግ ውስጥ መጫወት ግን ክልክል ነው። ለፋብሪካው አማተር ቡድን ሲጫወት ሕዝቡ ከየቦታው እየጎረፈ ሊያየው ይመጣ ነበር። ጎርኪ ከተማ ላይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ተመልካቹ ጋዜጣ እያቃጠለ ስታዲየሙን ሊገለብጠው ደርሶ ከዕረፍት በኋላ እንዳስገቡት ይነገራል። ደጋፊው ለመንግሥት አቤት አለ። በ1964 ሥልጣን የያዘው ብሬዥኔቭም፣ ብረት ሠራተኛ ፍርዱን ሲጨርስ ወደ ሙያው ከተመለሰ ኳስ ተጫዋች የማይመለስበት ምክንያት የለም ብሎ ፈቀደ ይባላል።

በ1965 የውድድር ዓመት ተመለሰ። የድሮው ፍጥነት የለም፤ ፀጉሩም መሳሳት ጀምሯል። ጭንቅላቱ ግን በስሏል። ቶርፔዶ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ! ለ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ባይወስዱትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለብሔራዊ ቡድኑ ዳግም ተሰለፈ። በ1967 እና በ1968 በተከታታይ የአገሪቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ለሶቪየት በ38 ጨዋታ 25 ጎል አለው። በ1970 ጫማውን ሰቅሎ የቶርፔዶ ታዳጊዎችን ሲያሠለጥን ኖረ። ጁላይ 22 ቀን 1990፣ 53ኛ ዓመቱን ባከበረ ማግስት፣ በካንሰር ሞተ። በ1996 የቶርፔዶ ስታዲየም በስሙ ተሰየመ፤ ሐውልትም ቆመለት።

ታሪኩ ሲያምር እዚህ ላይ ያበቃል። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ያ ሁሉ ሕዝብ የጮኸለት ስለተጸጸተ አይደለም፤ ጎል ስለሚያገባ ነው። ቪያትላግ ውስጥ አብረውት ዛፍ ሲቆርጡ ለነበሩት ማንም አቤት አላለላቸውም። ከሳሿን ያስታወሰ ደጋፊም ስለመኖሩ አይወራም።

ሁለተኛ ዕድል የተረከዝ ቅብብል ለሚያውቅ ብቻ ከሆነ ዕድል ሳይሆን ጉርሻ ነው። የብረት ሠራተኛው ምሳሌ እውነትነት ያለው ግን እዚህ ጋ ነው፤ ታስሮ የወጣ ሰው ኮከብም ይሁን ተራ ወዛደር እንጀራውን የሚበላበት ሙያ ሊነፈገው አይገባም። ስትሬልትሶቭ የተሰጠውን ሥራ በሚገባ ሠራበት፤ ይሄን የሚክድ የለም። ሥራ መመለስና ከወንጀል ነፃ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው። የ1965ቱ ዋንጫ ቶርፔዶ ትክክለኛ አጥቂ እንደመለሰ ይመሰክራል። ሜይ 25 ሌሊት ስለሆነው ነገር ግን ዋንጫም ሐውልትም ምስክር ሊሆን አይችልም።