ቪልሆ ቫይሳላ፦ የአየር ሞገድን ምት ያሰሉ ሊቅ

ቪልሆ ቫይሳላ እ.ኤ.አ. በ1889 በምሥራቅ ፊንላንድ በኮንቲዮላህቲ ተወለዱ። ወንድሞቻቸው ዩርዮና ካሌም በሥነ ፈለክና በሒሳብ ስማቸውን ያስጠሩ ነበሩ። ቪልሆ እ.ኤ.አ. በ1919 በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ቢያገኙም፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸው የከባቢ አየር ጥናት ሆነ።

በዚያ ዘመን የላይኛው ነፋስ የሚለካው ፊኛ ለቅቆ ጉዞውን በቴዎዶላይት በመከታተል ነበር። ፊኛው በእኩል ፍጥነት እንደሚወጣ ስለሚታሰብ፣ አየሩ ወደ ላይና ወደ ታች በተዋዠቀ ቁጥር ልኬቱ ይዛባል። ቫይሳላ የነፋስ መዋዠቅ በፊኛ ልኬት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1925 አሳተሙ። በተረጋጋ ከባቢ አየር ውስጥ ወደ ላይ የተገፋ አየር ከአካባቢው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝና ስለሚከብድ ተመልሶ ይወርዳል፤ ከቦታው አልፎም ይዋዥቃል። የዚህ መዋዠቅ ድግግሞሽ፣ ዌልሳዊው ዴቪድ ብራንትም እ.ኤ.አ. በ1927 ስለደረሱበት፣ በሁለቱ ስም ይጠራል። አንዱ ምት በትሮፖስፌር አሥር ደቂቃ፣ በስትራቶስፌር አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ነፋስ ተራራን ሲሻገር ሞገድ የሚያስነሣው ይኸው መላሽ ኃይል ነው። ሞገዱ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ስፋቱ ያድጋል፤ በመጨረሻም ተሰብሮ በዚያ ከፍታ ያለውን ነፋስ ይገታል።

ቫይሳላ እ.ኤ.አ. በ1931 ሙቀትንና ግፊትን በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ራዲዮሶንድ አመጠቁ። እ.ኤ.አ. በ1936 ካርል ጉስታፍ ሮስቢ ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሃያ ራዲዮሶንዶች ሲያዙ፣ ፋብሪካቸውን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1948 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሜትዮሮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አረፉ።

ፊኛ የሚለካው የወጣበትን መስመር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቀችው አኳ የተባለችው ሳተላይት ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር በመለካት፣ ከደቡባዊ አንዲስና ከአንታርክቲካ ልሳነ ምድር በላይ ስትራቶስፌር ውስጥ የተዘረጉትን የሙቀትና የቅዝቃዜ ሸንተረሮች በሰፊው አሳየች። ይህ ዕውቀት ለኦዞን ትንበያ ያስፈልጋል፤ የሞገዶቹን ግታት አሳንሶ የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል የደቡብ ዋልታን ስትራቶስፌር ከእውነታው አብልጦ ያቀዘቅዛል፣ የኦዞን መመናመንም ከቅዝቃዜው ጋር የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ የአኳ መሣሪያ በአቀባዊ አጭር የሆኑትን ሞገዶች መለየት አይችልም። እነዚህን የሚመዘግበው እስከ ዛሬ ከፊኛ ሥር ተንጠልጥሎ የሚወጣው ራዲዮሶንድ ነው፤ የሁለቱም መሣሪያዎች ውጤት የሚተረጎመው ቫይሳላ የፊኛን ስሕተት ሲመረምሩ ባሰሉት ድግግሞሽ ነው።