ልዑል ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ ዳር

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን ስደት ታስባለች። በ1929 ዓ.ም. ይህ ወርኃ ጽጌ አልፎ ጾመ ነቢያት በገባ ጊዜ፣ አያሌ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ስደተኞች ሆነው በከፋ ዱር ይንከራተቱ ነበር። መሪያቸውም ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወልደው በራስ መኰንን ቤት ከልጅ ተፈሪ ጋር እንደ ወንድማማች አደጉ። ሐረርን፣ ወሎንና ጎጃምን በየጊዜው አስተዳድረዋል፤ ያን ሁሉ ብንዘረዝር ግን ከተነሣንበት ነገር እንርቃለን። በየካቲት 1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ከኢጣልያ ጦር ጋር ተዋግተው ወደ ጎጃም አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ወደ ውጭ አገር ሲሄዱም እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ጎሬ ሆነ።

ጎሬ ያን ጊዜ የስደተኛ ከተማ ነበረች። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ አቡነ ሚካኤል በዚያ ነበሩ፤ ጠላት ከተማዪቱን ከያዘ በኋላም በጥይት ተገድለው የሰማዕትነትን አክሊል ተቀበሉ። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችም «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ከራስ እምሩ ጋር ተባበሩ።

አንባቢ ሆይ፣ የዚያ ዘመን ሠራዊት ብቻውን የሚጓዝ አልነበረም። ሚስት ስንቅ ተሸክማ፣ ልጅም የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይከተል ነበር። ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው የሚመለስበት የለውም፤ ወደፊት የሚያርፍበትንም አያውቅም። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጎጀብ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆ አለው፤ ጠላትም ዙሪያውን ከቦ መውጫ አሳጣቸው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በዚያ ወንዝ ዳር እጃቸውን ሰጡ።

ይህን እንደ ነውር የሚቈጥሩ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ብቻውን ያለ ሰው ስለ ራሱ ሞትን ሊመርጥ ይችላል፤ ከኋላው የደከመ ሕዝብ ያለው መሪ ግን የሚቈጥረው የራሱን ክብር ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ እጃቸውን ከሰጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን በኋላ ተረሽነዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህ ደም ግን የተማረከውን በገደለው እጅ ላይ ነው።

ራስ እምሩን ወደ ኢጣልያ ወስደው በፖንዛ ደሴት አሰሯቸው። የሚያስደንቀው ነገር፣ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ በተያዘ ጊዜ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ተቀመጠ። ራስ እምሩ ግን ነጻ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያም በኋላ በዋሽንግተንና በኒው ዴልሂ በአምባሳደርነት አገለገሉ። ከርስታቸውም ለሚያርሱት ጭሰኞች መሬት አካፈሉ፤ በዚያ ዘመን መኳንንት ዘንድ ይህ ያልተለመደ ነበረ። አገር አጥተው በዱር የተንከራተቱ ሰው፣ መሬት የሌለው ገበሬ የሚሰማውን ሳያውቁት አልቀሩም። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ያዩትን የጻፉበትም መጽሐፍ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ታተመ።