የሱሉስ ዘላዩ የዦአው ታሪክ

ስለ ሩጫ ሁሉም ሰው ያወራል፤ ሱሉስ ዝላይን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የብራዚሉን የዦአው ካርሎስ ደ ኦሊቬራን ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ለማያውቀው፥ ሱሉስ ዘላይ ተንደርድሮ ከጣውላው ላይ ባንድ እግሩ ይነሣና በዚያው እግር ያርፋል፤ ቀጥሎ በሌላው ይረግጣል፤ በሦስተኛው ተስፈንጥሮ አሸዋው ላይ ይወድቃል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚፈጅ ነገር ነው።

ዦአው እ.ኤ.አ. በ1954 በሳኦ ፓውሎ ግዛት ፒንዳሞንያንጋባ በምትባል ከተማ ከድኃ ቤተሰብ ተወለደ። ኋላም ወታደር ሆነ። ስሙ የገነነው በጥቅምት 1975 ሜክሲኮ ከተማ በተደረገው የመላው አሜሪካ ጨዋታ ነው፤ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን በሶቪየቱ በቪክቶር ሳኔዬቭ እጅ ያለ 17 ሜትር ከ44 ነበረ። ይኸ ልጅ 17 ሜትር ከ89 ዘለለ። ልብ በሉ፥ ሰው ሣንቲም በሣንቲም በሚጨምርበት ጨዋታ ባንድ ጊዜ 45 ሣንቲሜትር! እርግጥ ሜክሲኮ እንደኛ ከተማ ደጋ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዘላይ ይረዳል ይባላል። ነገር ግን በ1968ቱ ኦሊምፒክ ሳኔዬቭ ራሱ በዚያችው ከተማ የዘለለው 17 ሜትር ከ39 ነው። አገሩ ከዚያ ወዲህ የዝላዩ ዦአው አለው።

ኦሊምፒክ ግን አልቀናውም። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሦስተኛ ወጣ። በ1980 ሞስኮ ላይ፥ የኛው ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባገኘበት ስታዲዮም፥ አሁንም ሦስተኛ። ያን ቀን እሱና አውስትራሊያዊው ኢያን ካምፕቤል ከዘለሏቸው 12 ዝላዮች 9ኙን ዳኞች ፋውል ብለው ሠረዙ፤ ወርቁንም ብሩንም የሶቪየት ሰዎች ወሰዱ። ነገሩ ብዙ አከራክሯል። እኛ አልነበርንምና አንፈርድም፤ 9 ግን በዛብን።

በታኅሣሥ 1981፥ በ27 ዓመቱ፥ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ቢያደርጉለትም ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ያ ዓለምን ያስደነቀ እግር! በ1986 ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ በ1990ም ደገመ። ከዚያ በኋላ ግን መራጭም ራቀው፥ ገንዘብም አጠረው፥ ወደ መጠጥ አዘነበለ፤ አብሮ ሲያጨበጭብ የነበረውም ሰው እየሳሳ ሄደ። በግንቦት 1999፥ 45 ዓመት በሞላው በማግሥቱ፥ በጉበት በሽታ ሞተ።

የዓለሙን ክብረ ወሰን አሜሪካዊው ዊሊ ባንክስ በ1985፥ 17 ሜትር ከ97 ዘሎ ወስዶበታል። ያገሩን ግን እሱ ከሞተ 8 ዓመት ገደማ እስኪያልፍ የነካው አልነበረም። በ2007 ዣደል ግሬጎሪዮ የተባለ ብራዚላዊ 17 ሜትር ከ90 ዘለለ፤ በአንድ ሣንቲሜትር በለጠው።