ስሙን የደበቀው ሰው

ዘንድሮ የምንጽፍላችሁ የዓረቢያው ሎውረንስ ስለሚባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ነው። ታሪኩን በሲኒማ ያየን ብዙዎች ነን። ሲኒማው የሚያሳየው ግመሉንና ጦርነቱን ነው፤ እኛ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ተደብቆ ስለኖረው ኑሮ እናወራለን።

ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. በዌልስ ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከልደቱ ጀምሮ ምሥጢር ነበረበት። አባቱ በአየርላንድ ባለ ርስት ነበር፤ ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን ትቶ የልጆቹን ሞግዚት ይዞ ጠፋ። ሎውረንስ የሚለውንም ስም ያወጡት ሰው እንዳያውቃቸው ነው። ልጁ እንግዲህ የተጠራበት ስም ራሱ መደበቂያ ነበር ማለት ነው።

በኦክስፎርድ ታሪክ ከተማረ በኋላ፣ ከ1916 እስከ 1918 ዐረቦች በቱርክ ላይ ባነሡት አመፅ ከልዑል ፋይሰል ጋር ተሰለፈ። አቃባና ደማስቆ ሲያዙ ነበረበት። በ1919 ሎዌል ቶማስ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በሎንዶን ፎቶግራፍና ፊልም እያሳየ ታሪኩን ሲያወራ ሕዝቡ ጎረፈ። እውነቱን እንናገርና ሎውረንስ ራሱም ተደብቆ እየገባ ትርኢቱን አይቷል። ዝና መጀመሪያ ጣፈጠው፣ ኋላ ግን አቃጠለው።

በ1922 ኮሎኔል የነበረው ሰው ጆን ሂዩም ሮስ ነኝ ብሎ በአየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። መልማዩ መኮንን ስሙ ሐሰት መሆኑን ነቅቶ ነበር፤ ከበላይ ግን ተቀበለው የሚል ትእዛዝ መጣበት። ወለል ሲወለውል ጥቂት ወራት እንደ ቆየ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ዴይሊ ኤክስፕረስ ጋዜጣ አወጣበት። በጥር 1923 ተሰናበተ። በመጋቢት ሻው በሚል ስም ታንከኛ ጦር ገባ፤ በ1925 ወደ አየር ኃይል ተመለሰ። አብረውት የሚያድሩት ወታደሮች ማን መሆኑን ማወቃቸው አልቀረም። ቢሆንም ሻው እያሉ ይጠሩታል፣ አብረውት ይበላሉ፣ ያው እንደ ማንኛውም ጓደኛ ይተዉታል።

በ1928 በሕንድ ጠረፍ በሚራንሻህ እንደኛው ጸሐፊ ሆኖ ታይፕ ይመታ ነበር። ጋዜጦች ግን በአፍጋኒስታን ይሰልላል ብለው ጻፉ። መንግሥት ደንግጦ አስመጣውና በየካቲት 1929 ፕሊመዝ ሲደርስ ሰው እንዳያየው ከመርከቡ በጀልባ አወረዱት። ታዲያ ፎቶ አንሺዎች እዚያው ይጠብቁ ነበር። ነገሩ ያለ ምክንያትማ አልተደበቀም እየተባለ ወሬው ባሰበት።

ኤርነስት ተርትል የሚባል የፓርላማ አባል ይህ ሰው በሐሰት ስም ለምን ይሠራል ሲል በጉባኤ ጠየቀ። ሎውረንስ ምን አደረገ? ራሱ ሄዶ አገኘውና የወላጆቹን ነገር ሳይሸሽግ ነገረው፣ እንዲተውለትም ለመነው። ሰውየውም ተወለት፤ ከዚያም ወዳጁ ሆነ። መንግሥት በጀልባ ሸሽጎ ያላገኘውን ሰላም፣ እሱ እውነቱን ለአንድ ሰው በአደራ ሰጥቶ አገኘው።

በየካቲት 1935 ከአየር ኃይል ተሰናብቶ ዶርሴት በሚባል አውራጃ፣ ክላውድስ ሂል በምትባል ትንሽ ጎጆው ገባ። ጋዜጠኞች ከበቡት፤ እንዲወጣላቸው ጣሪያው ላይ ድንጋይ እስከ መወርወር ደረሱ። ለጊዜው ቤቱን ጥሎ ሄደ። ሰላም አገኘሁ ብሎ ከተመለሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በግንቦት 13 ቀን በሞተር ብስክሌት ሲሄድ ሁለት ልጆችን አድናለሁ ሲል ወደቀ። በዚያው ወር በ19 ቀን በ46 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩ በሞርተን መንደር ሲፈጸም ቸርችል መጥቶ አለቀሰ። ሣጥኑን ከተሸከሙት መካከል ተራ ወታደሮች ጓደኞቹና የመንገድ ማዶ ጎረቤቱ ነበሩበት።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ዕድርተኛ የሰው ቤት ገብቶ የማያየው ጉድ የለም። ከብዙ ዓመት በፊት በሰፈራችን በሩን ዘግቶ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። አንድ እንግዳ መጥቶ በትሕትና ስለ እሱ ጠየቀን። ዘመድ መስሎን ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ መቼ እንደሚወጣ ዘረገፍንለት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለስ አልቻልንም። ወር ሳይሞላ ጎረቤታችን ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ለምን እንደ ሄደም ገባን። ኋላ ሲሞት የቀበረው ሌላ ሰፈር ነው። መርዶውን እንኳ የሰማነው ከተቀበረ በኋላ ነበር።

አላውቀውም ብለን እንዋሽ አንልም፤ ውሸት እንደ ፕሊመዙ ጀልባ ወሬ ይጨምራል። ነገር ግን ቆይ፣ አስቀድሜ እሱን ልጠይቀው ማለት ይቻላል። ያን ቀን ይህቺን ብንል ኖሮ ሣጥኑን የምንሸከመው እኛ ነበርን።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፣ ለቆምነው ዕድሜ ይስጠን።