የደለል ቅንጣት ትውልድ፦ የሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ሕይወትና ሥራ

ከሐይቅ ወለል የተወሰደ ደለል ከየትኛው አካባቢ ተሸርሽሮ እንደ መጣ ለማወቅ ከሚረዱ ማስረጃዎች አንዱ የማዕድን ስብጥሩ ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት የወላጅ ዐለቱን ምልክት ይዞ ይጓዛል የሚለውን ሐሳብ በማይክሮስኮፕ ወደሚፈተን ዕውቀት ከለወጡት ሊቃውንት መካከል እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ግንባር ቀደም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሶርቢ በ1826 በብረት ሥራዋ በታወቀችው በሼፊልድ አቅራቢያ ተወለደ። በ1847 አባቱ ሲሞት የወረሰው ሀብት መጠነኛ ቢሆንም፣ ደመወዝ ሳይሻ ለመኖር አስቻለው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ትዳርም አልያዘም፤ ዕድሜውን በምርምር አሳለፈ። ገና በወጣትነቱ በአካባቢው ጅረቶች ውስጥ ውኃ አሸዋን እንዴት እንደሚደረድር እየተከታተለ ያጠና ነበር። ከዚህም የጥንታዊ አሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች የቀድሞውን የውኃ ፍሰት አቅጣጫ እንደሚያመለክቱ ተረዳ።

ዊልያም ክሮፎርድ ዊልያምሰን የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቅሪተ አካላትን ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ እየሞረደ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ሶርቢ ይህን ጥበብ ከእርሱ ቀስሞ በዐለት ላይ ሞከረው፤ በዮርክሻየር ጠረፍ የሚገኝ ኖራማ ዐለትን የተመለከተ ጽሑፉንም በ1851 አሳተመ። በዘመኑ የነበሩ አንዳንድ ጂኦሎጂስቶች ግን ተራራን በማይክሮስኮፕ ማጥናት ከንቱ ድካም ነው እያሉ ተሳለቁበት። እርሱም ሥራውን ቀጥሎ በ1858 ባወጣው ጥናት በክሪስታል ውስጥ የታሰሩ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች ማዕድኑ የተፈጠረበትን ሁኔታ እንደሚያሳዩ አስረዳ። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ጺርከል ዘዴውን ከእርሱ ተቀብሎ በአውሮፓ አስፋፋው።

በ1877 ሶርቢ የአሸዋ ቅንጣቶችን በአምስት ከፈላቸው፦ ከወላጅ ዐለታቸው በቅርቡ የተለዩ፣ ተፋግተው የተድቦለቦሉ፣ ተሰባብረው የሾሉ፣ በኬሚካዊ ለውጥ የተበሉ፣ እንዲሁም አዲስ ኳርትዝ በላያቸው አድጎ የክሪስታል ቅርጽ የያዙ። በ1880 የጂኦሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳለ ባቀረበው ንግግር ደግሞ ከግራናይት የመጣ ኳርትዝ ከሺስት ከመጣው በምን እንደሚለይ አብራራ። የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ሁለት ጥያቄዎችን መለየቱ ነው፤ የማዕድኑ ዓይነትና በውስጡ የታሰሩት ነገሮች የትውልድ ቦታውን ሲነግሩ፣ የቅንጣቱ ቅርጽና ገጽታ የጉዞውን ታሪክ ይናገራሉ።

ይህ ልዩነት ለእኛም አካባቢ ጥናት ጠቃሚ ነው። የኢትዮጵያ ባዛልታዊ ደጋ ፓይሮክሲን የተባለውን ማዕድን በዓባይና በተከዜ በኩል አብዝቶ ይልካል፤ የነጭ ዓባይ አሸዋ ግን በዚህ ማዕድን ድኻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ በታች፣ እስከ አስዋን ግድብ ሐይቅ ድረስ፣ የደለሉን ምንጭ በማዕድን መለየት ይቻላል። በጣና ሐይቅ ግን ነገሩ ይከብዳል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በአብዛኛው የሚያጥቡት እሳተ ገሞራዊ ዐለት በመሆኑ የሚያመጧቸው ማዕድናት ይቀራረባሉ። በተጨማሪም ኦሊቪን የመሰሉ ማዕድናት ቶሎ ይፈራርሳሉ፤ ኳርትዝ ግን ብዙ ይቆያል። በመሆኑም አንድ ማዕድን በደለል ውስጥ አለመገኘቱ ብቻውን ወላጅ ዐለቱ በተፋሰሱ የለም ለማለት አያበቃም። የማዕድን ምርመራው ከንጥረ ነገር ልኬትና ከየወንዙ ከተወሰደ ናሙና ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ሶርቢ የብረትን ውስጣዊ አወቃቀር በማይክሮስኮፕ በማጥናትም ፋና ወጊ ነው። በኋለኛው ዕድሜው በራሱ ጀልባ እየተዘዋወረ የወንዝ አፎችን መረመረ፤ በሼፊልድ ለከፍተኛ ትምህርት መስፋፋትም ደከመ። በ1908 ከዚህ ዓለም ሲለይ፣ ለዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ ፕሮፌሰርነት መንበር የሚሆን ገንዘብ ተናዞ ነበር። በዚያው ዓመት ለኅትመት የበቃው የመጨረሻ ሥራው የዐለትን ታሪክ በቍጥርና በልኬት ስለ ማጥናት የሚያትት ነው። የዛሬው የደለል ምንጭ ጥናት ከየተፋሰሱ የመጣውን ደለል ድርሻ በቍጥር ለመግለጽ ሲጥር የሚከተለው ይህንኑ ጎዳና ነው።