ከአፍ የወጣ ቃል
(የፍራንክሊን ሩዝቬልት አጭር የሕይወት ታሪክ)

ተማሪዎች፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳትሰሙት አትቀሩም። የመሪ ቃል ደግሞ ከሌላው ሰው ቃል ይልቅ ርቆ ይሄዳል፤ ዞሮም ተናጋሪውን ይመዝነዋል። ይህን ለመረዳት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ታሪክ ተመልከቱ። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝቬልት በ1882 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1921፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ፖሊዮ ነው በተባለ በሽታ ተይዘው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ይሁን እንጂ ከሕዝብ አገልግሎት አልራቁም። በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር፤ ባንኮችም ተዘግተው ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት በሬዲዮ ቀርበው የባንክን አሠራር በቀላል ቋንቋ ለሕዝቡ አስረዱ። ባንኮቹ ሲከፈቱም ሕዝቡ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ማስገባት ጀመረ። ግልጽ ቃል አመኔታን እንደሚያስገኝ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ጃኑዋሪ 6 ቀን 1941፣ አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ፣ ሩዝቬልት ለአገራቸው ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር የሰው ልጅ በየትኛውም የዓለም ክፍል አራት ነጻነቶች ሊኖሩት እንደሚገባ ገለጹ። እነርሱም የመናገር ነጻነት፣ የማምለክ ነጻነት፣ ከችጋር ነጻ መሆንና ከፍርሃት ነጻ መሆን ናቸው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ጋር ባወጡት የአትላንቲክ ቻርተር፣ ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት የመምረጥ መብት እንዳላቸው አስታወቁ። ቸርችል ቃሉ በጀርመን ለተያዙት የአውሮፓ አገሮች የታሰበ መሆኑን ቢያስረዱም፣ በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ብዙ አፍሪካውያንና እስያውያን ለእነርሱም እንደ ተነገረ አድርገው ተቀበሉት።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ አስተውሉ። ጃፓን ፐርል ሐርበርን ካጠቃች በኋላ፣ እኒሁ ፕሬዚዳንት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት የጃፓን ዝርያ ያላቸው 120,000 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ከቤታቸው ተነሥተው በሽቦ በታጠሩ ሰፈሮች ታገቱ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከፍርሃት ነጻ ስለ መሆን የተናገሩት መሪ፣ የጦርነት ፍርሃት ባየለ ጊዜ የገዛ ዜጎቻቸውን ነጻነት ነፈጉ። የአሜሪካ መንግሥት በ1988 ባወጣው ሕግ ስሕተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ለተገኙትም ካሣ ከፈለ።

ስለ አገሮች መተባበር የተናገሩት ቃል ግን ፍሬ አፈራ። በ1942 መጀመሪያ ሃያ ስድስት አገሮች ለፈረሙት መግለጫ የተባበሩት መንግሥታት የሚለውን ስም ያወጡ ሩዝቬልት ናቸው፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከፈራሚዎቹ ተቀላቀለች። በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ በስዊዝ ቦይ በቆመች የጦር መርከብ ላይ ከንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ኤፕሪል 12 ቀን ግን ዐረፉ። ድርጅቱን የመሠረተው የሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ከዐሥራ ሦስት ቀን በኋላ ሲከፈት፣ ጠንሳሹ በሕይወት አልነበሩም። ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች።

እንግዲህ ሩዝቬልት ያስተማሩት ቃል የራሳቸውን ጥፋት ጭምር የምንመዝንበት ሚዛን ሆኖ ቀርቷል። እናንተም የመሪን ንግግር ስታነቡ ከድርጊቱ ጋር አስተያዩት፤ ቃል ስትሰጡም በክፉ ቀን ልትጠብቁት መቻላችሁን አስቀድማችሁ መርምሩ።

መልመጃ፦ ቃልን መስጠትና ቃልን መጠበቅ በሚል ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።