ሦስተኛው የማራቶን ወርቅ ከአበበ ቢቂላ ለምን አመለጠ?

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ሲጀመር የብዙዎች ዓይን ያረፈው በአበበ ቢቂላ ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም በተከታታይ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ከእርሱ በቀር አልነበረም። ሦስተኛውንም ይደግማል ተብሎ ተጠብቆ ሳለ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሮጠ ውድድሩን አቋረጠ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። ክቡር ዘበኛን ከተቀላቀለ በኋላ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሥር ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የሮምን ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግም አሸነፈ።

ታዲያ በሜክሲኮ ምን ገጠመው?

ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ሊሆን አይችልም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማ ያስቸገረችው በዝቅተኛ ስፍራ የኖሩትን ሯጮች ነው፤ በአዲስ አበባ አየር ለሠለጠነው አበበ ግን እንግዳ አልነበረችም። ዕድሜም ብቻውን መልስ አይሆንም። አበበ 36 ዓመቱ ነበር፤ የዕለቱ አሸናፊ ማሞ ወልዴም እኩያው ነበር።

አበበን ያስቆመው እግሩ ነው። ወደ ውድድሩ የገባው ግራ እግሩ ተጎድቶ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። በቶኪዮ ሕመሙን ድል አድርጎ ስለነበር፣ በሜክሲኮም ያንኑ ይደግማል ብሎ ተስፋ ማድረግ የሚያስገርም አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳቶች አይመሳሰሉም። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ከሩጫው በፊት ለመዳን ጊዜ አግኝቷል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሯጩን ክብደት ይሸከማል። ጽናትና ልምድ የአጥንትን ስብራት አይጠግኑም።

አበበ ከመንገዱ ሲወጣ የኢትዮጵያ ተስፋ አብሮት አልወጣም። ከአንድ ሳምንት በፊት በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ያገኘው የክቡር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ቀዳሚ ሆነ። በዚህም ኢትዮጵያ ሦስት የኦሊምፒክ ማራቶኖችን በተከታታይ አሸነፈች።

አምስት ወር ቆይቶ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ አበበ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከዚያ በኋላ በእግሩ መቆም አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ በዚያም ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ። በኖርዌይም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ፣ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ። አስከሬኑ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር አርፏል። ብዙዎች ስሙን ሲያነሡ የሚያስታውሱት የሮምን ባዶ እግር ነው። በሜክሲኮ በተሰነጠቀ አጥንት የሮጣቸው 17 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ የኦሊምፒክ ሩጫው የመጨረሻ ምዕራፍ ሆነው ቀርተዋል።